ዐይኑ ዐ

ቧንቧ ውሃ፣ ከፋርማሲው አጠገብ፣ በጠባቧ ደጅ፣
ሌንስ ስሞርድ ሃያ ዓመቴ፣ የሰው ዐይን ወዳጅ፤
ስንቱ በኔ መነጽር አየ፣ ከፊደል እስከ ጦሳ ጫፍ፣
እኔን ግን የሚያየኝ ጠፋ፣ በዚያ በስልኩ ደጃፍ።

ድረ ገጽ አለኝ እኮ፣ አምና ከፍዬ ያሠራሁት፤
አንድም ሰው በሱ አልመጣ፣ ሌት ተቀን ብጠብቅበት።
አናቱ ላይ «ሁለንተናዊ የእይታ ክብካቤ መፍትሔ» ይላል፣
ምን ማለት እንደሆነ፣ እውነት ለመናገር፣ ለኔም ይከብዳል።
ከሥሩ የሱቄ ፎቶ፣ እንደ አንሶላ የሰፋ፣
ኔትወርክ የደከመ ለታ ግማሹ ላይ የሚያንቀላፋ።
ካርታውማ ጉድ ነው፤ አሽቀንጥሮ ጣለኝ አዝዋ ገደል፣
አፋፉ ላይ ቆሞ ደወለ አንድ የሐይቅ ሰው፣
«ወንድሜ፣ በየት ልንጠልጠል?»

አንዱ ደግሞ መጣ፣ ጠጉሩን የተቀባ፦ «አራት ሺ ብር ብቻ፤
በሁለት ቀን አንደኛ ነዎት፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ።»
«ምን ብሎ ለፈለገ ሰው?» አልኩት። ዝም አለ። ሻዩን ጠጣ።
ሻዩን እኔ ከፈልኩ፤ እሱ በገባበት ወጣ።

ከዚያ ቶይባ መጣች፣ የጎረቤቴ የሙሄ ልጅ፣
ኮምቦልቻ ኮምፒዩተር የምትማር፣ ቅዳሜ ሐረጎን ወጥታ፣
እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ላፕቶፕ መስታወቴ ላይ ዘርግታ፤
«ጋሽ አዘዘው፣ ሰው ሲፈልግ እንዴት ይጽፋል ይመስልዎታል?
መዝገበ ቃላት አይገልጥም፤ የቸገረውን ያወራል።»
ዝርዝር አሳየችኝ፦
«ማታ ሳነብ እንባዬ ይመጣል»
«ልጄ ሰሌዳ አይታየውም»
«መነፅር ደሴ ስንት ነው»
«ራስ ምታት ከአይን ነው ወይ»
ይሄማ የኔ ወንበር ነው! ሃያ ዓመት የሰማሁት፣
ደንበኛ ተቀምጦ ሲነግረኝ፣ ገጼ ላይ ግን ያልጻፍኩት።

ቀጥሎ ዋናው ጠብ መጣ። «ፊደልዎ» አለች «ችግር አለው፤
እርስዎ ዐይንን በዐይኑ ዐ፣ ሕዝቡ በአልፋው ነው የሚጽፈው።
መነጽርዎ በጸሎቱ ጸ፣ ፈላጊው በፀሐዩ ፀ፤
ማሽኑ አንዳንዴ ሁለት ቃል ይላቸዋል፤
የእርስዎ ለብቻው ተቀረጸ።»

ደሜ ፈላ። የኔታ ዘለለው፣ ያኔ ቦሩ ሜዳ፣
በዚችው ፊደል ነው አለንጋቸው ጀርባዬን የጎዳ።
«ሕዝብ ቢሳሳት ፊደል ይሳሳታል?» ብዬ ጮህኩባት።
ቶይባ ዝም። ላፕቶፑ ነው የመለሰላት።
«ሰሌዳው ላይ ፊደል የሳተ ደንበኛ፣ ይገርፉታል?» አለች ቆይታ።
«ሌንስ ነዋ የምቀይርለት!» አልኩ፤
ወዲያው ገባኝ፤ ተረታሁ በጨዋታ።

«እንግዲያው ስሕተቱን ደብቂው፤ በነጭ ላይ በነጭ ጻፊው።»
«አይሆንም፤ ድብቅ አይወድም፤ ከነቃብዎ ወደ ታች ነው የሚገፋው።»
በግልጽ አንድ መስመር ጻፍን፦ «መነፅርም በሉ መነጽር፣
ቤቱ ይኸው ነው፤ ግቡ።» ፎቶውን አሳነስነው።
ከገደሉ አወጣችኝ፣ ፋርማሲው ጎን ተከለችኝ።
እኔም በማዘዣ ወረቀት ጀርባ፣ ለየጥያቄው መልስ፣
እንደማወራው፣ እስኪነጋ ድረስ።

ሐምሌ ሙሉ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ከረመ፤
እንግዳ ቢመጣ የለም ይላል፤ እሱ ግን እዚያው እንደቆመ።
እኔም አምስተኛው ገጽ። ከዚያ ሦስተኛው። ከዚያ ዝም።

ነሐሴ ማብቂያ፣ ከኩታበር፣ ዝናብ ያበሰበሳት ልብስ ሰፊ፣
ስልኳን ዘረጋችልኝ፦ «የመርፌ ቀዳዳ አይታየኝም ምን ይሻለኛል ደሴ»።
አንደኛ አልነበርኩም። አራተኛ፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም በታች።
«ሦስቱጋ ደወልኩ፤ አያነሱም» አለች፤ ሻሿን እየጨመቀች።
ለካሁ፤ ሞረድኩ፤ ገጠምኩ። ክርና መርፌ ሰጠኋት፤
አንዴ ሳተች፤ በሁለተኛው ክሩ ሾልኮ አለፈላት።
ደረሰኝ ጻፍኩ፦ «የዐይን መነጽር፣ አንድ።» በአዲሱ ዐይኗ አነበበች፤
ጣቷን ጸሎቱ ጸ ላይ አሳርፋ፦ «ይቺ ፊደል ተሳስታለች።»

የኔታ ይማሩኝ፤ አልተከራከርኩም።
ሌንሱ ሠርቷል።