ታናሽ ነኝ በል

ሰኔ ነው። ከጅሬን የወረደው ዝናብ
አጂፕ ጋ ቆሟል፣ ቆርቆሮ ሲያነብ።
እኔ ግን የማነበው አላገኘሁ፤
ታብሌቴ ላይ የምትዞር ክብ አየሁ፣
አየሁ፣ አየሁ።

ለአንድ መስመር ነበር፤ ለሶፊያ ስም፣
ከምደባው ዝርዝር፤ ሌላ አልፈልግም።
እሱ ግን ይጎትታል የሰው ሰርግ ፎቶ፣
የቪላ ማስታወቂያ፤ ጥቅሌን በልቶ በልቶ
አስቀረልኝ ስድስት ሜጋ።

ነዚፍ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ መበየጃውን ሳይለቅ፣
«ጉረኛ ነው ጋሼ!» አለኝ ሲስቅ።
«ስፋቱን ተማምኖ ኮምፒውተር ነኝ ሲል፣
ድረ ገጹ አምኖት ጓዙን ይጭንበታል።
ታናሽ ነኝ በል በለው።»

ሦስቷን ነጥብ ነካ፤ ከሳጥኗ ራይቷን አነሳ፣
አድራሻው መግቢያ ላይ «ኤም» ጨመረ፣ ነጥቧንም ሳይረሳ።
«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ስንል እንዳልኖርን፣
ግመሉ ራሱ አጎንብሶ ሲገባ አየን።

መጣ። ፎቶ የለ፣ ቀለም የለ፣ ጌጥ የለ፤
ጥቁር በነጭ፣ እንደ ተማሪ ደብተር ቀለል ያለ።
መቶ አርባ ሁለተኛ፦ ሶፊያ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ሊሙ ሰቃ።
ጣቴ ስሟ ላይ ቀረ። ኔትወርኩም በቃው፣ በቃ።

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ
ምክር በኩንታል ነው የጫንኩት በእጄ፤
ስንቱ እንደደረሳት፣ ስንቱ መንገድ እንደቀረ
ማን ያውቃል።

አጭር መልእክት ከፈትኩ።
«በመጀመሪያ ደረጃ» ብዬ ጀመርኩ፤ አጠፋሁት።
«ሊሙ ነው፤ አይዞሽ» ብቻ። ላክሁት።
ገና ዝናቡ ሳያባራ፣
ደረሰ።