የጎደሉት አምስት

ሩቤ፣ ከተዘጋው የሱፍ ፋብሪካ ጀርባ፣
ኳስ ከግንብ ስታጋጭ ፀሐይ እስክትገባ፣
እሷ እየላከች፣ ጡብ እየመለሰ፤
ጡብ መች ይሳሳታል! ስንቴ እንባዋ ፈሰሰ።

እኔ ጅማት ወጣሪ፣ የክለቡ አሮጌ፣
ራኬት አነባለሁ በጥፍሬ ፈትጌ፤
የሉዲቪን ቫንኡትን አንድ ቀን ብነካው
ሌላ ቃና ሰማሁ፣ ከቶ የማልለካው።

«አሥራ አምስት!» አለ ዳኛው ከማማው ላይ ቆጥሮ፤
ዕድሜዋንም ጭምር ጠርቶት ኖሯል አብሮ።
ያን ለት ሊል ላይ ዋንጫ፤ ጋዜጣ፣ ገጽ ሦስት፤
እናቷ ቆርጣ ለጠፈችው ከማቀዝቀዣው ፊት።

ከዚያ የሌሊት ባቡር። ሊሞዥ፣ ፖ፣ ፔርፒኛ፤
የሆቴል ገንዳ አጣቢዋ፣ ራኬቷ ጓደኛ፤
ሽልማቷን ስትቀበል ለቲኬት ስትከፍል፣
ስልክ ስትደውልልኝ «ጅማት በጠሰብኝ» ስትል።
መቶ አርባ ሦስተኛ ከዓለም ሴት ሁሉ፤
«በርቺ» ይሏታል ደግሞ «ማን ነሽ?» እያሉ።

«ሠላሳ!»
ፓሪስ፣ ግንቦት ወር ነው። ቀይ አፈር፣ ጥግ ሜዳ፣
አሥራ አንድ ተመልካች፣ አንዱ እኔ ነኝ እንግዳ።
ማጣሪያው ሊያበቃ አንድ ነጥብ ቀርቷታል፤
እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ ልቤ ያስፈራኛል።
መታችው። መስመር ዳር አፈሩ ቦነነ፤
«ገባ!» አለ ዳኛው፤ ጭብጨባው ገነነ።
እሷ ግን ሄደችና አጎንብሳ አየችው፤
ጣት ያህል ወጥቷል። በጫማዋ ፋቀችው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልናገርም።
በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቷ ተቀደደ።

«አርባ።»
አሁን ልጆች ታሠለጥናለች፣ እዚያው ግንብ ሥር።
ኢልያን የሚባል፣ የሰባት ዓመት ጠያቂ፣ ኳሱን ይዞ ቆመና፦
«ከአሥራ አምስት ሠላሳ፤ ከሠላሳስ አርባ?
አምስቱን ማን በላው? የት ጉድጓድ ውስጥ ገባ?»

ሳቀች። ጉልበቷን ይዛ ሳቀች።
«ዳኛው ቸኩሎ ነው» አለችው።

ማታ ወደ ሱቄ መጣች፤ ያቺን ራኬት ይዛለች፣
የፓሪሷን፣ እጀታዋ ሥር ቀይ አፈር የቀረባት።
«ላላ አርገህ ወጥራት፤ ለኢልያን እጅ ናት።»

አሮጌውን ጅማት ከመቁረጤ በፊት በጥፍሬ ነካሁት።
ያው ቃና ነው። ትንሽ ወርዷል።
ውጪ ጨለማው ውስጥ አንድ ልጅ ኳስ ይለጋል፤
ጡቡ ይመልሳል።