ዓይን ገዢዋ

አሞራ ገደል ላይ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣
ጀልባ ሲራገፍ፣ ቢላ ሲሳል በሞረድ፣
አባ ኮዳው ቆሞ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣
ቁርሱን ሲጠብቅ ከኛ፣
ትመጣ ነበረ በረዶ የሞላ ሣጥን ይዛ፤
ቆሮሶ አትገዛ፣ አትገዛም አምባዛ።

«ሥጋውን ለሆቴል፣ ጭንቅላቱን ለሾርባ፣
ዓይኑን ለእኔ» አለች፣ ተደግፋ ከጀልባ።
እኔ ዓሣ ገፋፊ፣ ከልጅነቴ ቢላ የጨበጥኩ፣
ስንቱን ገዢ አይቼ፣ በዚች ግን ሣቅኩ።
ጥንዱን በሃምሳ ሳንቲም፤ ያኔ ሳንቲም ነበር ገንዘብ።
«ቀስ» አለችኝ፣ «አደራ፣ ከኋላው ያለችው እንዳትሳብ፤
የሽንኩርት ልጣጭ ታህላለች፣
ሬቲና ትባላለች።»

ጥቁር ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ በጥቁሩ ላይ ሌላ ጨርቅ፤
እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ትሮጣለች፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ሳትፈነጥቅ።
ለካ ዓይን ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ፣ ወይን ጠጅ ነው ቀለሙ፤
ብርሃን ሲያርፍበት ይነጣል፣ ማየት ማለት ነው መድከሙ፤
ጨለማ ሲያገኝ ደግሞ ያገግማል ከሕመሙ።
እናም ብርሃን የምታጠና ሴት፣
ዶክተር ዲቦራ ላሚሶ፣ ዕድሜዋን የገፋችው ጨለማ ቤት፤
እንደ ሲጋራ ጫፍ የምትግም
አንዲት ቀይ አምፖል፣ እሷም ሁልጊዜ አትበራም።

«ለምን?» አልኳት አንድ ጠዋት።
ወንድም አላት።
ላታሞ፣ ዳሌ ገጠር፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከበር ይጋጫል፤
ከፊቱ የቆመች እህቱን «ማነሽ?» ይላል።
ዳፍንት ነው ተባለ። ጉበት አበሉት፤ የበግ፣ የበሬ፣ የዶሮ፤
ዓመት ሙሉ በላ፤ ማታው ማታ ሆኖ ቀረ ዞሮ ዞሮ።
«ጉበቱማ ደርሶ ነበር» አለች፣ «ቫይታሚኑም ሞልቷል፤
ተሸካሚው ነው ሰባራ፤ መንገድ ላይ ይደፋል።»

ቆየን። ሃምሳ ሳንቲሙ አሥር ብር ገባ፤
ልጄ አድጎ አገባ።
ኬሚካሏ ጉምሩክ ታስሮ ሰባት ወር ሲከርም፣
«ዱቄት ነው» ሲሏት፣ እሷ «አይደለም»፤
አንድ ሌሊት ደግሞ መብራት ሄደ፤ በጨለማ ስትሠራ ስለነበር
መሄዱን ያወቀችው፣ ፍሪጁ ዝም ሲል ነበር።
የሦስት ዓመት ዓይን ቀልጦ፣ ጠዋት ተደፋ ከአጥር፤
አባ ኮዳው ወረደ፣ ተካሰ ሳያፍር።
«ተይው በቃሽ» አልኳት።
በማግስቱ፣ ሣጥኗን ይዛ፣ ጀልባው ጋ አገኘኋት።

ኋላ ፊደሏን አገኘቻት፤ ከስንት ሺህ ፊደል አንዲት ፊደል፣
ከእናት ከአባት የወረደች፣ ማንም ያልሠራት በደል።
ነገሩ በፈረንጅ መጽሔት ወጣ፤
ላታሞ ግን ያን ጊዜ ቀኑንም ጨርሶ አጣ።

ነገረችው። «ምን ነበር ያልሽው ቀለሙ?» አላት።
«ወይን ጠጅ።»
«እኔም ነበረኝ?»
«ነበረህ።» ዝም አላት።
ከዚያ፣ «ጨለማ ክፍልሽ ሠራተኛ አይፈልግም?» አላት።

አንድ ቀን ገብቻለሁ፤ ምስክር ነኝ፤ በዓይኔ ያየሁት የለም።
በሩ ሲዘጋ እጄ እንኳ አልታየኝም።
እሷ ከበርጩማ ተጋጨች፤ ላታሞ ሣቀ፣ «ዳፍንታም!»
እኔን በክርኔ ይዞ መራኝ፤ አንድ ጠርሙስ አልነካም።
ብልቃጡን ያቀብላታል፤ አንደኛ፣ አራተኛ፣ አሥራ አንደኛ፤
ጨለማው ለሱ አገሩ ነው፤ እዚያ እኛ ነን ስደተኛ።

አሁን ሁለቱ ይመጣሉ። ሣጥኑን እሱ ይሸከማል።
መድኃኒቱ ተገኘ ወይ? አልተገኘም። ሐዋሳ ግን «ተገኘ» ይላል፤
እሷ «ገና» ትላለች፤ ለመቶኛ ጊዜ «ገና»፤
አምፖሏን ግን አጠፋቻት፣ ላታሞ አለና።
እሱ ዓይኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ እያንከባለለ፣
ጥቁሩ ጨርቅ ላይ እየደረደረ፣ አንዷን ለይቶ ጣለ፤
«ይቺ የትናንት ናት፣ ለስልሳለች፤ ከዋጋው ቀንስ» ይለኛል።
እቀንሳለሁ። አባ ኮዳው ያየናል።