ይጠብቃል፣ ይላላል

ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ነው የሚለካ፤
የሞቀ ብረት አብጦ ይዋሻል ለካ።
እንየው ነበር ያለኝ፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣
የአምና ዝናብ የሱቁን ቆርቆሮ እየደበደበ።

ዘንድሮ ሱቁ ተቆልፏል። ስደውልለት አንዲት ሴት
ደንበኛውን አሁን ማግኘት አይችሉም ትለኛለች፤
በአማርኛ ትለኛለች፣ በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች፣
እንደ ሸምዳጅ ተማሪ፣ ሳታስብበት።

ሞተሬ ግን ከጥቅምት ወዲህ ጥርሷን ታፋጫለች፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ድልድዩን እስክንሻገር።
ሰባተኛ "ለ" በመስኮት ተንጠልጥሎ ይቀበለኛል፦
"ቲቸር፣ ሞተርዎ ልብስ ስፌት ጀመረች እንዴ?"

ጎሚስታው ገደፋው ካቻቢቴና ስፔሶር አዋሰኝ።
"የእሱ ናቸው" አለ። ቆይቶ፣ "እስኪመጣ" አለ።
ሌላ አልጨመረም።
እኔም ሌላ አልጠየቅሁ።

ቅዳሜ። ሽምብጥ። ግቢው ገና አልነጋለትም፤
የሐይቁ ትንኝ አምፖሉን ከቦ እንደ አቧራ ይበናል።
አራት ቡሎን ፈትቼ በሻይ ማስቀመጫ ደረደርኩ፣
ክዳኑን አነሣሁ፦
ዘይት የለበሱ ሁለት ትንንሽ ክንዶች፣
ማንም ሳያያቸው ሲሰግዱ የከረሙ።
አንዲት ትንኝ ዘይቱ ላይ አረፈች፤
በጥፍሬ አወጣኋት።

ካንዴላውን ነቀልኩ፤ ቮላኖውን በእጄ አዞርኩ፣
"ቲ" የምትለው ጭረት ከምልክቷ እስክትገጥም።
ገጠመች።
ክንዶቹ ግን ወጥረው ይዘዋል፣ ንቅንቅ አይሉም።
ግማሽ ሰዓት ራሴን ሰደብኩ፤
ለካ ያቺው ጭረት ሁለቴ ትመጣለች፣
አንዴ በሐሰት፣ አንዴ በእውነት።
አንድ ዙር ስጨምር ሁለቱም ላሉ።

ስስ ቅጠል ብረት ናት ስፔሶሯ፤ ከደብተር ወረቀት አትወፍርም።
"ስትስቢያት ታንገራግር" ብሎኝ ነበር፣
"እንደ ሰነፍ ተማሪ። ትምጣ፣ ግን እያጉረመረመች።"
ልኩን አገኘሁ። ዳዶውን አጠበቅሁ።
መልሼ ባስገባት አትገባም፤
ማጥበቄ ራሱ ልኩን በላው።
ፈታሁ። ለካሁ። አጠበቅሁ። በላው።
ፈታሁ። ለካሁ።

ጣቴ ተልጦ መሬት ተቀምጬ ሳቅሁ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጠመኔ የምጽፈው
ይህንኑ አይደለም?
ልጆች፣ ፊደሉ ያው ነው፤
ሲላላ ሌላ ነው፣ ሲጠብቅ ሌላ ነው።
እስቲ "ይጠብቃል" በሉ፦
ላልቶ ከተነበበ፣ የዳዶ ነገር ነው፤
ጠብቆ ከተነበበ፣
በር በሩን የሚያይ ሰው ነው።

በአምስተኛው፣ ዳዶው የሚሰርቀውን አስቀድሜ ተውኩለት፤
ፀጉር ታህል አላላሁ፣ ከዚያ አጠበቅሁ።
ቅጠሏ እያጉረመረመች መጣች።

በሁለተኛው እርግጫ ተነሣች።
ጠቅታው ሄዷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልሄደም፣
ጆሮ ለሰጠው ትንሽ ቀርቷል።
ይቅር። "ፈጽሞ ዝም ካለች ፍሪ" ይለኝ ነበር፣
"ዝም ያለ ቫልቭ እየተቃጠለ ነው።"
ስልኬን አወጣሁ፣
ሳልደውል መለስኩት።

ሰኞ፣ ጥፍሬ ሥር ዘይት እንዳለ፣
ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፍኩ፦

እንየው አለ።

"ማን ያነብልኛል?"
አንዷ አላልታ አነበበችው፤ "ምን አለ?" ብለው ሳቁባት።
አንዱ ተነሥቶ አጥብቆ አነበበው፤
"የት?" አለ አጠገቡ ያለው ልጅ።
"ቲቸር፣ የትኛው ነው ልክ?"

በመስኮቱ ወደ ሞተሬ አየሁ፤ ከዛፉ ሥር፣ ዝም ብላ ቆማለች።
"ለዛሬ" አልኳቸው፣
"አጥብቃችሁ አንብቡት።"