ወፍ የለም

ሴብል ደሴት ማለት፣ ከኖቫ ስኮሺያ ርቃ የተጣለች
የአሸዋ ቅንድብ ናት፣ አትላንቲክ ግንባር ላይ ነጥታ የበቀለች።
ዛፍ የሚባል የላት።
ጌታ የማያውቀው ፈረስ ይግጥባታል፣
ጉም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይተኛባታል።
አንዲት ድንቢጥ አለች፣
ከአሸዋው ላይ ቀለም ተበድራ የቀረች፤
ዝም ስትል ጠጠር፣ ስትዘምር ወፍ፣
እኛም የሄድነው በጆሮ ልንቆጥር፣ በእርሳስ ልንጽፍ።

ሥራው ለሚሰማው ምንም አይከብድም፤
ከደቡብ ዳርቻ እስከ ሰሜን ዳርቻ መስመር ተሰምሯል፣
በየሁለት መቶ ሜትር ችካል ተተክሏል፣
ከችካሉ አጠገብ መቆም ነው፣ አምስት ደቂቃ፤
ሰማሁ፣ ጻፍኩ፤ አልሰማሁም፣ ዜሮ፤ በቃ።

ያስተማረኝ ኡርባን፣ ሃያ ስድስት ሰኔ እዚህ የመጣ ሰው፣
የሻቲካምፕ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጅ አባቱ ለባሕር የዳረው፣
ከባሕር ተፋቶ ለወፍ ያደረው።
ደብተሩ በሰም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣
እርሳሱ በክር ከአንገቱ ተንጠልጥሎ፣
“ወፉን አትፈልጊ” ይለኝ ነበር፣ “ፈልገሽ ያገኘሽው አይቆጠርም፤
መጥቶ ካልነገረሽ፣ ልብሽ ቢያውቀው እንኳን ወረቀት አያውቅም።”

ከሦስት ዓመት ወዲህ ምሥራቁ ጠፍ ሆነ።
የኡርባን መስመሮች፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ።
ግራፉ ሃሊፋክስ፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ፣ ቁልቁል እየወረደ
ገመዱ እንደተበጠሰ ባልዲ ጉድጓድ ይዞ ነጎደ።
ስብሰባ ተቀምጦ፣ ሻይ ቀዝቅዞ፣
አንዱ ማዕበል ከሰሰ፣ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ የክረምቷን ጉዞ።

ዘንድሮ አብሬው ወጣሁ፣ እስከ ምሥራቁ ጫፍ፣
ወፍ ሳይንጫጫ ተነስተን፣
ጉሙ ገና ከሣሩ ላይ አልጋውን ሳያጥፍ።
ችካል ሠላሳ አንድ።
የተሰበረ መርከብ እንጨት ከአሸዋው ብቅ ብሏል፤
ከእንጨቱ ጫፍ አውራው ድንቢጥ ቆሟል፣
ጭብጥ የማይሞላ፣ ደረቱን ግን ነፍቶ፣
ጢቅ፣ ጢቅ፣ ከዚያ ዝዝዝ፣ እንደ ቀጭን ሽቦ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ።
ስድስት እርምጃ አይሞላም ከኛ።
አንዴ። ሁለቴ። አምስቴ።
እኔ ሳቄን ዋጥኩት።
ኡርባን አንገቱን አዘንብሎ ጠበቀ፣ እንደ ወጉ፣ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ፣
ከዚያ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ደብተሩን ከጉልበቱ አስጠግቶ፣
“ወፍ የለም” አለ።

ምን ይባላል?
ቀና ሲል ዐየው። መቼም ዓይኑ አልደከመም፤
ምንቃሩ ሲከፈት፣ ጉሮሮው ሲርገበገብ፣ የክንፉ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ፣
ድምፅ ግን የለውም፤ ከመስታወት ወዲያ እንደሚያወራ ሰው።
ወደ እኔ ዞረ።
ያመለጠውን ዜማ ፊቴ ላይ አነበበ።
“ስንት ጊዜ?” አለኝ።
“አምስት” አልኩት። “አሁን ስድስት።”

አልተናደደም። ጉሙ ብቻ ትንሽ ቆየ በመካከላችን።
አንድ ፈረስ መጥቶ ችካላችን ላይ አንገቱን አከከ።
ከዚያ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ፤ አምና፣ ካቻምና፣ ከዚያም በፊት፤
ዜሮዎቹን በጣቱ ነካካ፣ ቀስ እያለ፣
ጎጆ ውስጥ እንዳለ ዕንቁላል፣ አንዱም እንዳይሰበር።
“የትኛው የወፉ ነው፣ የትኛው የጆሮዬ?”

እርሳሱን ከአንገቱ አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀው፤
ክሩ ገና ትኩስ ነበር።
ችካል ሠላሳ ሁለት ላይ እኔ ሳዳምጥ እሱ ሰዓት ያዘ።

ዛሬም ደሴቱ ጭጭ ሲልብኝ፣ ዜሮ ከመጻፌ በፊት፣
ሕጉን ጥሼ በዓይኔ ምንቃር እፈልጋለሁ፣
የሚከፈት፣ የሚዘጋ፣ እኔ የማልሰማው።

የዚያ ዓመት ሪፖርት ሃሊፋክስ መደርደሪያ ላይ አለ።
ሠንጠረዡ ሥር በታይፕ፦
“የምሥራቁ ቁጥር አይታመንም። ወፉ ቀንሶ ይሆናል።”
ከጎኑ በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ ትልልቅ ፊደል፦
“አዳማጩም።”