ወገቤን

በዶሮ ጩኸት ነው ከቤቴ የወጣሁ፣
ሁለት እስር ጌሾ ለሰበብ ያመጣሁ።
«ገበያ ነኝ» ብዬ ለቢተው ነግሬ
ሙጋን ተሻገርሁት፣ ቀስ እያለ እግሬ፤
ቀስ ያልሁት ድንጋዩን ፈርቼ አይደለም፣
ስሄድ የሚወርድ አለ። ስሙን አልጠራም።

ቢቸና ስደርስ ቀኑ ረፍዷል፣
የጤና ጣቢያው በር ሰው ይዟል።
ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ የተላጠ
አግዳሚ ወንበር ላይ ሴቱ ተቀመጠ፤
እኔም ጥግ ያዝሁኝ፣ በግማሽ ጎኔ፣
ሙሉውን መቀመጥ አልችልም እኔ።

የካርድ ክፍሉ ልጅ፣ ደሳለው ነው አሉ፣
በመስኮት ይጮኻል፣ ይሰማል በሙሉ፦
«ስም?»
«አንጓች።»
«የአባት?»
«ፈንቴ።»
«ምንሽን ነው?»
ከኋላዬ ወንዶች አሉ፣ አንዱ ጎረቤቴ።
«ወገቤን» አልሁት።
ጻፈ። ወገብ።

ከእኔ በፊት ታንጉት፣ ከየዱሃ የመጣች፣
«ወገቤን» ብላለች።
ከእሷም በፊት ያለችው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘችው፣
«ወገቤን» ነው ያለችው።
ዐሥራ አንድ ሴት ቆጠርሁ ባንድ አግዳሚ፣
ዐሥራ አንድ ወገብ፣ ዐሥራ አንድ ታማሚ።
ደሳለው ሳይገርመው አይቀርም በውስጡ፦
እነዚህ ሴቶች ምን ተሸክመው መጡ?

ዓምናም መጥቼ ነበር። ሌላ ሰው ነበረ፣
ቀና ብሎ ሳያይ በእስክሪብቶው ጫረ፤
ሰባት ነጭ ክኒን በወረቀት ጠቀለለ፣
«ከባድ ነገር አታንሺ» አለ።
እሺ አልሁ።
እንስራው ከምንጭ ውሃ ራሱ አይቀዳ፣
እህሉ በእግሩ አይገባ ከአውድማ ወደ ጓዳ።

«አንጓች ፈንቴ!»

መጋረጃው አበባ ነበረው፤
ታጥቦ ታጥቦ ግንዱ ብቻ ነው የቀረው።
ሲስተር የዝና ጓንቷን እያጠለቀች
ካርዴን አየችና «ወገብ» አለች፣ ሳቀች፤
«ከጠዋት ጀምሮ ወገብ ነው የመጣ፣
አንድም የታመመ ወገብ ግን አልወጣ።»

አልሳቅሁም። ኋላ ግን ሳቄ አመለጠኝ፣
እሱ ሲያመልጠኝም ሌላው አመለጠኝ፤
ስስቅም ሳስልም እንዲያ ነኝ፣ አልይዝም።
ብረት አልጋው ረጠበ። እሷ ዝም።
ጨርቅ ሰጠችኝ፣ ዞር ብላ ቆየች፣
የማያስፈልግ ዕቃ እያነሣች፣ እያስቀመጠች።

«መቼ ጀመረሽ?»
«ኸአራተኛው ልጄ። ጤፉ ደርሶ ነበር፣
በዐሥራ ሁለት ቀኔ ወጣሁ፣ ነዶ ልከምር።»
«ስንት ዓመት ሆነው?»
«ዐሥራ አንድ።»
«ማን ያውቃል?»
«ማንም።»
«ባልሽስ?»
«ወገቤን ያውቃል።»

ከመሳቢያው አንድ ክብ ጎማ አወጣች፣
በሙቅ ውሃ አጥባ መዳፌ ላይ አኖረች።
«ይኸ ይደግፍሻል። ቀዶ ጥገናው ማርቆስ ነው፣ ወረፋ አለ፤
እስከዚያ በየሦስት ወሩ ነይ፣ ይታጠባል» አለች።
አገላበጥሁት።
«ቀለበት ነው» አልሁ። «ቀለበት ነው» አለች ሲስተር የዝና።
ስዳር በዐሥራ አራቴ ላም ነበር የተቆጠረ፣ ጣቴን ማን አየና።

ቆምሁ። እስከ መስኮቱ ሦስት እርምጃ ሄድሁ፤
እንደለመድሁት ወደ እግሬ ወረድሁ
በዓይኔ።
ምንም የለም። ሲሚንቶ ነው።

ስወጣ አንዲት ልጅ መስኮቱ ጋ ደርሳ
ምላሱ እንደከዳው ሰው ቆማለች አቀርቅራ።
«ምንሽን?» ይላል ደሳለው።
ዞራ አየችኝ፣ እኔ የምነግርላት ይመስል፤
«ወገቤን» አለች በቀስታ፣ ድምፅዋ ሲቆራረስ፣ ሲመለስ።
መንገዴ ረጅም ነው፣ ግን ተመልሼ
ሙሉ ቁጭ አልሁ አጠገቧ፣ ነጠላዬን አልብሼ።
ለሲስተር የምትለውን በጆሮዋ ነገርኋት፤
ምን እንዳልሁ እዚህ አልጽፍም፤ የእሷ ናት።

ጌሾውን አልሸጥሁም። ሲመሽ ቤቴ ገባሁ።
«ምን ገዝተሽ መጣሽ?» አለኝ ቢተው። 
«ቀለበት» አልሁ።
በሶላሯ መብራት ጣቶቼን አንድ በአንድ አየ፣
«የታል?» አለ።
ምሰሶም ሳልደገፍ፣ ወገቤንም ሳልይዝ
ቆሜ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ።
ያን አላየ።