ቢጫዋ ወረቀት

እኔ የሚዛን ሰው ነኝ፤ ስዊፍት ከረንት ዳር፣
ስንዴ የጫነ ሁሉ በደጄ ሲሻገር
ሙሉውን እመዝናለሁ፣ ባዶውን እመዝናለሁ፣
አንዱን ካንዱ ቀንሼ ካርኒ እሰጣለሁ።
ገበሬው አይወደኝ፣ አይጠላኝም ደግሞ፤
ቁጥር ሐሜት አያውቅ፣ አያድርም ታሞ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ በሐምሌ ሙቀት ቀን፣
ወረፋው መሐል አየሁ ፒክአፓችንን፤
ከኋላው ቤት አስሮ፣ ባለ መስኮት፣ ነጭ፣
አጥናፉ ከመሪው ጋ ፈገግታ ሲረጭ።
«ስድስት ቶን ይጎትታል፣ ሻጩ ነግሮኛል» አለ፤
«ይቺማ ሦስት ቶን ናት፤ ግማሹ ገና አለ!
ፈረቃሽ ሲያልቅ እንውጣ፣ ሳይፕረስ ሂልስ፣ ከሐይቁ ዳር፤
ሁሉ ተጭኗል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ፤ ነይ፣ እንብረር።»

ባሌ ነው፤ ግን ሚዛን ባል አያውቅም፣ ዘመድ፤
«ሞተርህን አጥፋ» አልኩት እንደ ባዕድ።
ወርጄ የሾፌሩን በር ከፈትኩ፣
ከጠርዙ የተለጠፈች ቢጫ ወረቀት አነበብኩ፦
«ሰውና ዕቃ ተደምሮ
ከስድስት መቶ አርባ ኪሎ
አይለፍ።» ይኸው ነው። አለቀ።
ይህችን ሻጩ አላነበበም፤ ቢያነብም ደበቀ።

የስድስት ቶኑ ቁጥር የተሰላው ለባዶ መኪና፣
ለአንድ ቀጭን ሾፌር ነው፤ ለልጅና ውሻ አይደለምና።
መጎተት ሌላ ነው፣ መሸከም ሌላ ነው፤
አንዱ የሞተር ጉልበት፣ ሌላው የወገብ ነው።
ያ ቤት በጎማዎቹ ራሱን ቢችልም
አንገቱን በኛ ላይ መጣሉ አይቀርም፤
ከመቶ አሥራ ሦስቱ፣ አራት መቶ ኪሎ፣
ከኳሷ ላይ አርፏል «የቤቴ ነው» ብሎ።

በስንዴ ካርኒ ጀርባ ጻፍኩለት በእርሳስ፦
አራት መቶው ለአንገት። ለአንተ፣ ያለ ቁርስ፣
ዘጠና አራት ኪሎ። ለእኔ ሰባ አንድ፤
(አትሳቅ።) ኅሊና ሠላሳ ስምንት፣ ናኦድ
ሃያ ዘጠኝ። ስምንት ብቻ ተረፈ።
ውሻችን ከኋላ ወንበር ምላሱን አዘረፈፈ።

ውሻው ሠላሳ አንድ። ማያያዣ ብረቱ አርባ።
ጄኔሬተር ሃምሳ። የሚነፋው ጀልባ።
ማገዶ፣ ድንኳን፣ ጀሪካን፣ መንጠቆ፣
«ይህስ?» «የወንድሜ ሞተር፤ አደራ ነው» አለ ተሳቆ።
ኅሊና በመስኮት «እኔም ጭነት ነኝ?» አለች፤
«ሁላችን ነን» አልኳት፤ ቦርሳዋን አቀፈች፣
ሁለት መጽሐፍ አውጥታ አቀበለች።

የኋላ እግሩን ብቻ ስመዝን፣ ቁጥሩ ቀላ፤
መብራቱ ሰማይ ያያል፣ ወገቡ ሄዷል ወደ ኋላ።
«ዕቃውን ወደ ቤቱ፣ ከጭራው ላሽሽ?» አለኝ፤
«አንገቱ ከቀለለ ይወዛወዛል» አልኩኝ፤
«ተጎታች መሪ ሲይዝ፣ በዚህ ሜዳ ነፋስ፣
ጎታቹ ተከትሎ ከቦይ ነው የሚደርስ።»

ከኋላ ምስር የጫነው አዛውንቱ ኦርቪል
ወርዶ የተጨፈለቀውን ጎማ በጫማው ነካ፣ እንደ ማባበል።
«ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ጠይቀው፤ ሜዳ ላይ ሁሉም ደፋር»
ብሎ ተመለሰ፣ እያፏጨ በከንፈር።

የማይችሉትን ድንጋይ ተሳልመው ያልፉታል፤
አጥናፉ ግን ተሳልሞ፣ ጭኖት ይሄዳል።
ወንድሙ ሲበደር ዋስ፣ ለዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣
ሌሊት መጋዘን ጠባቂ፣ ቀን የሰው ዕቃ አጓጓዥ።

አወረድን እንግዲህ፤ ሞተሩን፣ ማገዶውን፣
ጀልባውን፣ ጀሪካኑን፣ ድንኳኑንም እንኳን፤
ጄኔሬተሩ ቢሮዬ፣ ከጠረጴዛ ሥር ቀረ፤
ውሻው ግን አልወርድ አለ። ውሻው ተከበረ።
አሁንም ቁጥሩ ቀይ ነው። ስድሳ ሦስት ኪሎ ትርፍ።
አስቤ አስቤ ሰባ አንዷን ሰረዝኳት፣ በእርሳሴ ጫፍ።
«አትጠብቁኝ፤ ነገ በትንሿ መኪና እመጣለሁ፤
ከባዷ እኔ ነኝ መሰለኝ፤ እወርዳለሁ።»

ካርኒውን ሰጠሁት፣ እንደ ማንም ደንበኛ፤
ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊቱን፣ አወቅኩ፣ አልተኛ።
«አጥናፉ» አልኩ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አድርጌ፣
«ያንተስ ወረቀት የታለ? አጣሁት ፈልጌ።»
«በእጥበት ለቃለች» አለና ሞተሩን አስነሣ፤
«ስምንት ኪሎ አለኝ ገና፤ እሞላዋለሁ በዓሣ!»